በቀኙ በኩል

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ፣ አማትሽና ትንሿ ልጅሽ እስከዳር እንደምን ናቸው? ደብረ ወርቅ ዝናቡ ጀመረ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ከወንድማችን ከአብይ አርባ ማግስት ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ትምህርቴን ቀጥያለሁ። ያመለጠኝን ፈተና እንድወስድም ተፈቅዶልኛል።

ባለፈው እሁድ የእስከዳር ጆሮ መመገል እንደ ጀመረ ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገሽው ስለነበር አማትሽን ሰማኋቸው። ለጋ ቅቤ አቅልጠሽ እንድታንጠባጥቢበት ይነግሩሽ ነበር። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ብቻሽን አንብቢው።

አብይም እንደ እሷ ሕፃን ሳለ ቅቤ ተንጠባጥቦበታል፤ ጥጥም ተወትፎበታል። አዝለሽው የምትዞሪው አንቺ ስለነበርሽ ሽታውን አትረሺውም። ግራ ጆሮው መስማት ካቆመ በኋላ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሁለቱን ማንም አላገናኛቸውም። የደጋ ብርድ ነው ተባለ።

እዚህ ደብረ ማርቆስ የቤት አከራያችን ወይዘሮ ሥራነሽ ክፍሉን ለአብይና ለእኔ ሲሰጡን መጀመሪያ የጠየቁን ስለ በሽታ ነበር። ከእኛ በፊት የነበረውን ተማሪ ጆሮው ሲመግል አይተው፣ ለልጆቼ ይተላለፋል ብለው አስወጥተውታል። ስለዚህ አብይ ጥጡን የሚቀይረው ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ነበር። መንገድ ስንሄድ እኔ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ነኝ። ረስቼ በግራው ከሆንኩ፣ «በዚህ በኩል ቢሮው ዝግ ነው፤ በወዲያኛው ና» ይለኛል።

መጋቢት ላይ የአብይ ሳል ሲብስ ወይዘሮ ሥራነሽ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ወሰዱን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጋቢያቸውን አልብሰውት ነበር። ሐኪሙ በግራው ቆሞ ደረቱን አዳመጠ። ያን ሰዓት ደህና ነበር። ከዚያ ሳል የቆየበት እንደሆነ፣ በልጅነቱም ጆሮው ይመግል እንደነበር ጠየቀ። የለም ተባለ። የትናንት ጉንፋን ነው ተባለ። የሳል ሽሮፕ ይዘን ተመለስን።

ወይዘሮ ሥራነሽ ስለ ጆሮው አያውቁም ነበር። አብይ፣ ጥያቄው በግራው ስለመጣ፣ አልሰማም።

ከሃያ ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ትንፋሽ አጠረው። ባጃጅ ውስጥ አረፈ። ይህን ታውቂያለሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ላመለጠኝ ፈተና ለትምህርት ቤቱ የሚሆን የማስረጃ ወረቀት ላስጽፍ እዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያው ሐኪም ነው። ስለ ጆሮው ነገርኩት። በሕፃንነታቸው ጆሯቸው ደጋግሞ የሚመግል ልጆች ላይ አስም በብዛት እንደሚታይ፣ አንዱ ሌላውን ያመጣል ብሎ መደምደም ግን እንደማይቻል አስረዳኝ። ከዚያም፣ «ያን ቀን ይህን ብሰማ ደረቱን ደግሜ አዳምጥ ነበር» አለ። ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠኝ።

እታለም፣ ቅቤውን ተይው። ይህ ሳምንት ሳያልፍ እስከዳርን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ጆሮዋ ስለመገለ አስም ይይዛታል ማለት አይደለም። ግን ጆሮዋን ሲያክሙ ትንፋሿንም እንዲያዳምጡ ንገሪያቸው። አማትሽ አብሬሽ ልሂድ ካሉ ይሂዱ። ሐኪሙ መጠየቅ ሲጀምር ግን ውጭ ይጠብቁሽ። ያን ቀን አከራያችን አጠገቤ ሲቆሙ አፌ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ክፍሉን ለብቻዬ ትተውልኛል። እራትም ይልኩልኛል፤ ስለ ጆሮው እስካሁን አልነገርኳቸውም። ትምህርት ቤት ስሄድ አሁንም በግራዬ በኩል የአንድ ሰው ቦታ እተዋለሁ።

ይህን ለእናታችን አታንብቢላት። ደህና ነው በያት። እግዚአብሔር የእስከዳርን ሁለቱንም ጆሮዎች ይጠብቅልሽ፤ ትንፋሿን ያርዝምልሽ።

የቀረሽ ወንድምሽ