የባሂራን ድምፅ ላሻሻሉልን ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ደረጄ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ የቤተሰብዎም ደኅንነት ከዕቅድ በላይ የተከናወነ ይሆን ዘንድ ከልብ እየተመኘሁ፣ በሥርዎ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ፊዚክስ ታስተምራለች ተብዬ ደመወዝ የምቀበል ዓለምዘውድ ተካ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ በመድፈሬ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ እችል ነበር፤ ነገር ግን ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ ማፈርም ያለብኝ በሰው ፊት ነው።

አስቀድሜ ስለ ፕላዝማው ላመስግን። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ጠይቆ፣ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ፣ ማንም ሳይመልስለት ልጆቹን አመስግኖ ወደሚቀጥለው ርዕስ ሲያልፍ፣ የእኔ ሥራ በሩ አጠገብ ቆሞ መብራት እንዳይጠፋ መጸለይ ብቻ ስለነበር ጉሮሮዬ እስከ ዛሬ ደህና ነው። የአሥረኛ ክፍሏ ባሂራ ግን ይህን ዕረፍቴን አልወደደችውም። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጥታ፣ እስኪገባን ድረስ የሚጠብቀን ፕላዝማ ራሳችን ለምን አንሠራም ብላ ጠየቀችኝ።

ቡታጅራ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጸው ሙከሚል ካሜራውን አዋሰን። የባሂራ አባት ሸምሶ በርበሬ ነጋዴ ነውና የእጅ ጋሪውን ከነጆንያው፣ የሚንጠለጠለውንም ሚዛን ሰጠን። ልጆቹ ሚዛኑን ከጋሪው ጋር አስረው፣ መጀመሪያ አዲስ በተነጠፈው ኮብልስቶን ላይ፣ ቀጥሎ ኮብልስቶኑ በሚያልቅበት ጭቃ ውስጥ ጎተቱት። በኮብልስቶኑ ላይ ሚዛኑ ስምንት ኪሎ አሳየ፤ በጭቃው ሃያ አንድ። ባሂራ በአማርኛ፣ ጓደኞቿ ግራ በተጋቡበት ቦታ ደግሞ በጉራጌኛ፣ ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣና ሰበቃ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አስረዳች። ክፍል ውስጥ ስናሳየው፣ እሷ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ፊልሙን እናቆመዋለን፤ ሁሉም ካልገባው አይቀጥልም። በመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጡት ልጆች እጃቸውን ሲያወጡ ሳይ፣ ስምንት ዓመት ምን ስሠራ እንደኖርኩ ግራ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እርስዎ ሰምተው የመጡልን። ምስጋናዬን በቁጥር ለማስቀመጥ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ፊልሙን አይተው፣ ወልቂጤ በሚካሄደው የምርጥ ተሞክሮ መድረክ ላይ ወረዳችንን ወክሎ እንዲቀርብ ስለመረጡት አመሰግናለሁ። ጭቃው ግን ለገጽታ ግንባታ ስለማይመች እንዲወጣ አዘዙ። ትእዛዙን ተቀብዬ ሙከሚል ኮምፒውተር አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ከዚህ እስከዚህ ቁረጥ እያልኩ በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ። በዚህም ምክንያት ሁለት መንገዶችን በማነጻጸር ሰበቃን የሚያስረዳ፣ ነገር ግን አንድ መንገድ ብቻ ያለው የመጀመሪያው የፊዚክስ ፊልም ባለቤት ሆነናል። ለእንዲህ ያለው ግኝት ወረዳችን ቢኮራ አይፈረድበትም።

፪ኛ፦ የባሂራ አነጋገር ለመድረክ አይመጥንም ተብሎ፣ የጽሕፈት ቤትዎ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ በወፍራም ድምፁ እንዲተካት ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ልጅቷ ወደ ሚዛኑ እያመለከተች አፏን ስትከፍት፣ የትምህርት ልማት ሠራዊት በወረዳው ያስመዘገበው ውጤት ይነገራል። ወልቂጤ ላይ ከአገናና ከአረቅጥ የመጡ መምህራን ሲስቁ ሰምቻለሁ። የሳቁት በእሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን በምን ታውቃለች? አባቷ ሱቁን ዘግቶ፣ ያለውን ጥሩ ኮት ለብሶ አብሯት መጥቶ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ሁለቱም እስከ መጨረሻው አዩት።

፫ኛ፦ ይኸኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም። ስሜ ተጠራ፤ ተነሣሁ። ምስክር ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ እጅዎን ጨበጥኩ፣ ፎቶም ተነሣሁ። ፈጣሪዋ አሥር እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ሳለ የፈጠራው ባለቤት ተብዬ ሲጨበጨብልኝ አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሸምሶ ቀስ ብሎ፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው ድምፅዋ የተወሰደባት ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቴክኒካዊ ችግር ነው አልኩት። ሰውየው ፊልም የማያውቅ ስለመሰለኝ በቀላሉ ዋሸሁት። ባሂራ ከአጠገቡ ነበረች፤ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ አልተናገረችም። ስጠይቃት ትነሣለች፣ መሬት መሬት ታያለች፣ ትቀመጣለች። ከትምህርት በኋላ ግማሹን ክፍል ታስጠና የነበረችው ልጅ ብሔራዊ ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው ደብተሯን ይዛ በቀጥታ ወደ ሱቅ ትሄዳለች፤ ከአሥረኛ በኋላም በርበሬ መመዘን ይበቃኛል ማለቷን ጓደኞቿ ነግረውኛል። አፈርኩ። በየቀኑ ጠዋት ስም ስጠራና የእሷ ተራ ሲደርስ አፍራለሁ።

፬ኛ፦ ባለፈው ሳምንት የላኩልንን ደብዳቤ በአክብሮት ተቀብያለሁ። ሊሠራ ለታሰበው ሁለተኛ ፊልም ንግግሩ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ተዘጋጅቶ ማለቁን፣ ድምፁም አስቀድሞ መቀረጹን፣ ከእኛ የሚጠበቀው ያቺን ልጅ አቅርቦ አፏን ማንቀሳቀስ ብቻ መሆኑን ገልጸዋል። የሥራ ጫናችንን ለመቀነስ ያደረጉት ጥረት የሚደነቅ ነው፤ አፍም ሆነ ልጅ ግን አላቀርብም። የሚወሰድብኝን እርምጃ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ሻንጣዬ ትንሽ ናት፣ ዝውውር አይከብደኝም።

ትናንት ሸምሶ ሱቅ ሄጄ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሚዛኑን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «አሏህ ይቅር ይበልዎት መምህርት፤ እኔ በርበሬ ነው የምሸጠው፣ ይቅርታ የምትጠየቀዋ ልጅቷ ናት» አለኝ። ዛሬ ጠዋት በአርባ ስምንት ተማሪዎች ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ምስክር ወረቀቱንም ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ማኅተሙ በጣም ያምራል፣ ሲያልፉ ይዩት።

ለሰጡኝ ክብር ሁሉ ያልተገባኝ መሆኔን በመግለጽ፣ ዘመንዎ እንደ መድረክዎ በጭብጨባ የተሞላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትናና ከዚያ በበለጠ ኀፍረት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ዓለምዘውድ ተካ
የፊዚክስ መምህርት
መጋቢት 2005 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለባሂራ አስነብቤያታለሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ፊልሙን ጽሕፈት ቤትዎ እንደቆረጠው ነበር የጻፍኩት። እሷም ያን ቀን ሙከሚል ቤት አቶ ደረጄ ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከወልቂጤ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ በዚህ ጥያቄ ነው፤ አንደኛውን ቁጥር እንደገና የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ለእርስዎም ጥያቄ አላት፣ ሰኞ ከአባቷ ጋር ቢሮዎ ትመጣለች። የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ያን ቀን ፈቃድ ይውጣልን፤ እርስዎ ራስዎ ሲመልሱ መስማት ትፈልጋለች።