ከአረምና ከእሳት ጋር የኖሩት የእትዬ ስጋት የሕይወት ታሪክ

ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ ስጋት" እያለ የሚጠራቸው ውድ እናታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ወንዝ ዳር ባለች ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአባታቸው ዓይን በመድከሙ፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሥራ ፍለጋ ወጡ።

በ1968 ዓ.ም. ለጣውላ የሚሆን የቲክ ዛፍ በሚያለማ ድርጅት በቀን ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ቦታው ያን ጊዜ ቁጥቋጦ የዋጠው ዳገት ነበር። ተመንጥሮ፣ ጉቶው ተነቅሎ፣ መሬቱ ተገልብጦ ችግኙ ሲተከል ሌላው ሰው እፎይ አለ፤ የእሳቸው ጭንቀት ግን ገና ሀ ብሎ ጀመረ። ዝናብ ሲጥል ከችግኙ ቀድሞ የሚነሣው አረሙ ነውና። ሐረግ ለጋውን ግንድ ተብትቦ ሲያጎብጠው ካዩ እህል አይወርድላቸውም። አጎንብሰው በየችግኙ ዙሪያ ይኮተኩታሉ፤ ጨርሰው ዞር ሲሉ አረሙ ከኋላቸው በቅሎ ይጠብቃቸዋል። ከዓመታት በኋላ የአረም ቡድኑ አለቃ ሆኑ። "እትዬ ስጋት ሰማዩ ቢጠራ ይሰጋሉ፣ ቢደምን ይሰጋሉ" እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር። አብረው ይስቁና፣ ሳቁ ሳያልቅ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ።

በ1974 ዓ.ም. መሬቱን የሚያርሱትን የትራክተር ሹፌር አግብተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ሁሉን ነገር በሳቅ የሚያልፉ ሰው ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው የ1980 ዓ.ም. በጋ ነው። በቅርቡ አዲስ ችግኝ የተተከለበት ዳገት ሳር ተነቅሎ ቢያልቅ ጎርፍ አፈሩን ይጠርገዋል፤ እንዳለ ቢተው ደግሞ የእሳት ማገዶ ነው። እትዬ ስጋት እንቅልፍ አጥተው ሰነበቱ። በመጨረሻ ሥሩ ሳይነካ፣ ሳሩ ዝቅ ተደርጎ እንዲታጨድና ከችግኞቹ መሀል እንዲወጣ ወሰኑ። "ፀጉር አስተካካይ ሆነን ቀረን!" እያለ ሠራተኛው አጉረመረመ፤ ግን አጨደ።

ሥራው ሳያልቅ ከማዶ የተነሣ እሳት በነፋስ እየተገፋ መጣ። ባለቤታቸው እሳቱ እንዳይሻገር በተክሉ ጠርዝ መሬቱን በትራክተር ሲገለብጡ ጭሱ ዋጣቸው። የሞተሩም ድምፅ ቀጥ አለ። እትዬ ስጋት እሳቱን በቅጠል ከሚመቱት መሀል ሆነው ባለቤታቸውን በስማቸው ተጣሩ፤ መልስ የለም። ሮጠው ሊገቡ ሲሉ ሁለት ሴቶች ወገባቸውን ይዘው አስቀሯቸው። ቆይቶ ባለቤታቸው ጥላሸት መስለው፣ እያሳላቸው ከጭሱ ወጡ።

"ትራክተሩ ነው የሞተው፤ እኔ አለሁ" አሉ።

እትዬ ስጋት "አቤት ማለት ምን ነበረበት?" ብለው ተቆጧቸው። እሳቱ የታጨደው ላይ ሲደርስ ዝቅ አለ፤ በቅጠል ተመትቶም ጠፋ። ያልታጨደው ጥግ ከነችግኙ አመድ ሆነ። የተረፈው ዛሬ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ዛፍ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ። ጡረታ ሲወጡም ቡድኑን ለሴት ልጃቸው አስረከቡ፤ ጭንቀቱን ግን ለራሳቸው አስቀሩት።

ባደረባቸው የልብ ሕመም አልጋ ላይ የዋሉት አዲስ ዳገት ተመንጥሮ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ዝናቡ በዘገየበት በዘንድሮው ወቅት ነው። ሴት ልጃቸው በገባች ቁጥር "ጣለ?" ይሏታል። ዘመድ "ጣለ በያቸውና ይረፉ" ቢላት አንደበቷ እምቢ አላት። በመጨረሻው ምሽት "አልጣለም፣ እማዬ" ስትላቸው እጇን ያዙ። "እንኳን አልዋሸሽኝ። የጣለ ዕለት ግን ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ" አሏት።

ማክሰኞ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወንድ ልጃቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ዝናቡ በማግስቱ ጣለ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን። አፈር አልብሳችሁ ወደ ተከላው የምትሮጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ቤተሰቡ አይቀየማችሁም። ሴት ልጃቸውም አብራችሁ ትወጣለች።