ደጃፉ ላይ የተባለው

ጥቅምት 4፣ ቅዳሜ

አዲሱ ፊልም ዛሬ ሲኒማ ቤታችን ገባ። የጣሊያን ነው። ከሥሩ ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ፣ በማይክሮፎን እየተረጎምኩ፣ ሁሉንም እኔው ሆንኩ... ወንዱንም ሴቷንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም። ጉሮሮዬ ደርቆ ቤት ገባሁ። እትዬ ማር በሎሚ አፍልታ ጠበቀችኝ።

"ዛሬ ስንት ሰው ሆንሽ?"

"አሥራ አንድ። ውሻውን ሳንቆጥር።"

ታላቅ እህቴ በኔ ቀልድ መሳቅ አትወድም፤ ክብሯ የሚቀንስ ይመስላታል። ዛሬ ግን አመለጣት።

ፊልሙ ስለ ሁለት ጓደኛሞች ነው። አንዱ ድንጋይ ጠራቢ፣ መቃብር ላይ ስም የሚቀርጽ። ሌላው የመንደሩ አስተማሪ። ጠራቢው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ይወዳል። ግጥም ይጽፍላትና መጀመሪያ ለአስተማሪው ያሳየዋል። "ድንቅ ነው!" ይለዋል አስተማሪው። ድንቅ አይደለም። ጠራቢው ሰው በተሰበሰበበት ያነበዋል። መንደሩ በሳቅ ይሞታል። ሴትየዋ ስቃም ቢሆን ታገባዋለች፤ ጓደኝነቱ ግን ያልቃል። ከብዙ ዓመት በኋላ አስተማሪው ሸብቶ ይመጣና የጠራቢው ደጃፍ ላይ ቆሞ ለተዘጋ በር ይናገራል። በሩ ይከፈታል። በቃ።

የመጨረሻዋን ንግግር ትንሽ... አስተካከልኳት። ማንም አላወቀ።

ጥቅምት 5፣ እሁድ

መውጫው ላይ የተመልካች አስተያየት የሚጣልበት ካርቶን አለ። የድሮ የጫማ ካርቶን ነው፤ ከቤት ወስጄ ክዳኑን በምላጭ የቀደድኩት እኔ ነኝ። አንብቤ ደህና ደህናውን ሰሌዳ ላይ መለጠፍም የኔው ሥራ። የትናንቱ እነሆ፦

"ባሌን ይዤ እመለሳለሁ። በር ማንኳኳት ይማር።"

"ወንበሩ ይቆረቁራል። ፊልሙ ግን ጥሩ ነው።"

"ጣሊያን አገር ድንጋይ ጠራቢ ሁሉ እንዲህ መልከ መልካም ነው? መልስ እጠብቃለሁ።"

"እንደወጣሁ ለወንድሜ ደወልኩ። አላነሳም። ነገም እደውላለሁ።"

ይኼን የመጨረሻውን አልለጠፍኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

አሥራ ሰባት ሰው ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ጻፈ። "ግጥምህ ቆንጆ ነበር፤ ናፍቀኸኛል" የምትለዋ አስለቀሰችን፣ እያሉ። አሥራ ሰባት! ፊልሙ ውስጥ እኮ ማንም እንደዚያ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጥቅምት 8፣ ረቡዕ

ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

አስተማሪው ደጃፉ ላይ የሚለው እንዲህ ነው፦ "ግጥምህ መጥፎ ነበር። እያወቅሁ ዋሸሁህ። እውነቱን ከነገርኩህ አጣሃለሁ ብዬ ፈራሁ። ዋሽቼም አጣሁህ።" ከባድ ጣሊያንኛ አይደለም። ቃል አልጠፋኝም። አፌ ነው እምቢ ያለኝ።

ጭራሮ...

ጫማ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው ያገኘኋት። ጎን ለጎን ቆመን እሷ ከግራዬ ሆና ግራ ግራውን፣ እኔ ቀኝ ቀኙን ወደ ካርቶን እንከታለን። ቅጥነቷ ነው ጭራሮ ያሰኛት። አለቃችን ጣሊያናዊ ነበር። አንድ ቀን ወሬ ይዞን አንዱ ካርቶን ውስጥ ሁለት ግራ ገባ። ሰውዬው የሰደበን ስድብ! ምን እንዳለን ካላወቅን እንቅልፍ አይወስደንም ብለን መዝገበ ቃላት ፈለግን። እንዲያ ነው የጀመርነው። ሰው ቋንቋ ከሰላምታ ይጀምራል፤ እኛ ከስድብ ጀምረን ሰላምታ ላይ ለመድረስ አንድ ዓመት ፈጀብን። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ "ግራ" እላታለሁ፣ እሷ "ቀኝ" ትለኛለች። ሰው ሲሰማ ያበድን ይመስለው ነበር።

ግጥም ትጽፋለች። አንዴ ስለ ዝናብ ሰባት ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ። "እውነቱን ንገሪኝ። ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም" አለችኝ። አነበብኩት። አይረባም። "ሰው ያለቅሳል" አልኳት። በፋብሪካው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተነሥታ አነበበችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቁ ጀመረ። እሷ ግን እስከ ሰባተኛው ድረስ አነበበች። ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ።

ስንወጣ "እንዳልሽው አለቀሱ" አለችኝ። "በሳቅ።"

ሥራውን ለቀቀች። መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። ዘጠኝ ዓመት ሆነን።

ቤቷ ከዚህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ለምን አልሄድኩም? ሄጄስ ምን ልል?

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

ቅዳሜም ደገምኩት። ያችኑ ጣፋጭ ውሸት። አዳራሹ ሞልቶ ነበር።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሻሸ መጣ። በሩ ላይ አዲስ ፖስተር አሰቅሏል። በትልልቁ "ግጥምህ ቆንጆ ነበር፤ ናፍቀኸኛል" ይላል።

"እርስዎ ሲሏት እኮ ሰው ሆዱ ይባባል!" አለኝ።

"እሷ እንኳን ፊልሙ ውስጥ..." አልኩና ዋጥኩት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ አፍ ማምለጥ ባለበት ቀን አያመልጥም።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ካርቶኑን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ከፈትኩት፤ ነገ አልኩና አላስቻለኝም። አንዲት ብጣሽ ወረቀት፦

"ደጃፉ ላይ እንዲህ አላለም። እንዲህ ብሎማ በሩ አይከፈትም።"

ከሥሩ ፊርማ። "ግራ።"

ጽሕፈቷ ያው ነው። ወደ ኋላ የተንጋደደ።

መጥታ ነበር! እዚህ! ድምፄን ሰምታለች። እኔ በማሽኑ ክፍል መስኮት የማየው የሰው ማጅራት ብቻ ነው። የቱ ነበር የሷ? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሻርፕ የደረበችው? ዓምዱ ሥር የነበረችው? ስንት ማጅራት አይቼ ዝም ብዬ አለፍኩ...

ፊልሙ ውስጥ ጠራቢው ጣቱን ሲመታ የሚሳደባት አንዲት ስድብ አለች። የአለቃችን ስድብ ናት፣ ያችው። በመጣች ቁጥር ሳይታወቀኝ ወደ ግራዬ ዞር እላለሁ። እዚያ ያለው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ ናቸው። "ምን ፈለግሽ ልጄ?" ይሉኛል። ምንም፣ እላለሁ። ምን ልበላቸው?

ጥቅምት 19፣ እሁድ

እትዬ አፍንጫዋ ነገር ያሸታል። "ምን ሆነሻል?" አለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ ነፍሴ ወጣች።

"እና መጣች" አለችኝ።

"ልትወቅሰኝ ነው የመጣችው።"

"የጠሉትን ሰው ድምፅ ለመስማት ማን ሁለት ሰዓት የሚቆረቁር ወንበር ላይ ይቀመጣል?"

"አታውቂያትም። እልኸኛ ናት።"

"አንቺስ? አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ለሰው ሁሉ ስኳር ነሽ። እማዬ ወጡ ላይ ጨው ስትረሳ 'እንዴት ይጣፍጣል!' ትያለሽ። እኛ ጨው የሌለው ወጥ ስንበላ ያደግነው ባንቺ ምክንያት ነው።"

ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። እትዬ ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ሰው ሲያለቅስ ማየት አትችልም።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ዛሬ እላለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከማይክሮፎኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አስተማሪው በሩ ላይ ቆመ። አፌን ከፈትኩ። ከፊት ያለች አንዲት ሴት መሐረቧን አውጥታ አስቀድማ ስትዘጋጅ አየሁ።

"ግጥምህ ቆንጆ ነበር" አልኩ።

ፈሪ።

ጥቅምት 28፣ ማክሰኞ

ፊልሙ ወደ መጣበት ሊመለስ ነው። የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻው።

ከዚያ በኋላ በምን በኩል ልነግራት ነው? ቤቷ ድረስ ሃያ ደቂቃ ነው... ዘጠኝ ዓመት ያልተራመድኳትን ሃያ ደቂቃ ደግሞ አሁን ልራመዳት? ማሽኑ ክፍል ውስጥ ጨለማ ነው። ማንም አያየኝም። እዚያ ካልቻልኩ የትም አልችልም።

ናፈቀችኝ። ነገሩ ይኸው ነው። እርሳስ ስታኝክ ናፈቀችኝ። ስታኮርፍ እንኳ ናፈቀችኝ፤ አኩርፋ ለምሳ ስትጠብቀኝ።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

አልኩት።

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። አስተማሪው ኮፍያውን አወለቀ። ወረቀቱን አላየሁም። "ግጥምህ መጥፎ ነበር" አልኩ። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው ሲስል ሰማሁ። "እያወቅሁ ዋሸሁህ..." ድምፄ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ሰውዬው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ ዝም። ጋሼ ጆሯቸው ከበድ ያለ ነው፤ ግን የውኃውን ጠርሙስ ወደኔ ገፉት። ጠጣሁ። ሰውዬው ተናግሮ ጨርሶ በሩን ያያል። ዘግይቼ፣ በዝምታው ላይ፣ የቀረውን አልኩት። "እውነቱን ከነገርኩህ አጣሃለሁ ብዬ ፈራሁ። ዋሽቼም አጣሁህ።"

ያኔ በሩ ተከፈተ። እኔ የዘገየሁ ሳይሆን በሩ ለኔ ብሎ የጠበቀ መሰለኝ።

መብራት ሲበራ ማጅራቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። አላወቅኋትም።

ኅዳር 3፣ እሁድ

"ፊልሙ ተቀየረ እንዴ?"

"እናቴን ይዤ መጥቼ አሳፈራችሁኝ። ያለፈው ሳምንት ይሻል ነበር።"

"ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። በሩ ለምን እንደተከፈተ የገባኝ ዛሬ ነው።"

"ወንድሜ አነሳ።"

ሥራ አስኪያጁ "ፖስተሩን ምን ላድርገው?" ብሎ ጮኸብኝ። "ያውርዱት፤ ውሸት ነው" አልኩት። ከአንድ ወር በፊት "እንዴት ያምራል" እለው ነበር።

ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩት። ሁለቴ። ከግራ ምንም የለም። ምናልባት አልመጣችም። ያን ሁሉ ያልኩት ለማጅራት ነው...

እትዬ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለችኝ። ንጋቱ ለምሳ ደረሰ፣ አልኳት።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ትኬት ቆራጯ ጠራችኝ። "አንዲት ሴት ይኼን ለማይክሮፎኗ ስጪልኝ ብላ ሄደች።"

በጋዜጣ የተጠቀለለ ደብተር። ውስጡ ግጥም። ዘጠኝ ናቸው። ክዳኑ ላይ በእርሳስ፦

"አንብቢው። እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ። በሩ ያው ነው።"

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

አራት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠችው ምን ይሆን ብዬ ገለጥኩ... ዝናቡ! ሰባቱም ገጽ። አንዲት ቃል አልቀየረችም።

ምን ማለቷ ነው? እልኳ ነው? ወይስ አሁንም ትወደዋለች? አይረባም ብላት እንደገና በሩን ትዘጋው ይሆን? ዝም ብላትስ?

ኅዳር 10፣ እሁድ

ሃያ ደቂቃ አይደለም። አሥራ አምስት ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት በተሳሳተ ሰዓት ስፈራ ነበር።

አንኳኳሁ። ጭራሮ ወፍራለች! መነጽር አድርጋለች። ደጃፉ ላይ ቆመን ተያየን። ግቢ አላለችኝም።

"እሺ" አለች። "የመጀመሪያው?"

ደብተሩን ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። ያቺ የድሮዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች፤ ቆንጆ ነው ልል ምንም አልቀረኝም።

"አይረባም" አልኳት። "ያኔም አይረባም ነበር። እያወቅሁ ነው ሰው ያለቅሳል ያልኩሽ። እንዳትጠዪኝ ፈርቼ።"

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። መልሳ አደረገችው።

"አይረባም" አለችኝ። "እኔም ከስምንት ዓመት በፊት ደርሼበታለሁ። መቼ ትነግሪኝ ይሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈተችው።

ስለ ሌሎቹ ሻይ ይዘን ተነጋገርን። አራቱ መካከለኛ ናቸው፤ ነገርኳት፣ አኮረፈች፣ ስኳር አቀበለችኝ። ስድስተኛው ስለ ማሸጊያው ክፍል ነው፤ አጠገቧ ስላለው ባዶ ቦታ። እሱን ሳነብ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ መንገድ እንደወጣሁ ነገርኳት።

"እያጣፈጥሽ ነው?"

"አይደለም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ቃል ይበዛል።"

"የቱ?"

አሳየኋት። አይበዛም አለች። ይበዛል አልኳት። እርሳሷን ማኘክ ጀመረች። በጣሊያንኛ ሰደበችኝ፤ ያችኑ የአለቃችንን ስድብ። ወደ ግራዬ ዞር አልኩ፤ እዚያው ናት።

ቃሉን አልሰረዘችውም። እኔም ይበዛል ማለቴን አልተውኩም። ስንጨቃጨቅ ሻዩ ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ዓመት የናፈቀኝ ይኼ ጭቅጭቅ ነው።