«በሰላም» የሚለውን ቃል ከባሌ መቃብር ስለማስነሣት

ለተከበሩ ሚስተር ፊልሞን ኤሱዎን፣
የቤተ ክርስቲያናችን የቀብር ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የጤና ኬላው ሊቀ መንበር፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ጠባቂ
እንስዌም፣ ጋና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጣፈጠ፣ ሆድዎም ከቁርጠት ሁሉ የራቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ስለ ሆድዎ እጸልያለሁ፤ በዚህች ከተማ ሆዱን የታመመ ሰው የት ደጅ ላይ እንደሚቀር ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

እኔ የሟቹ ዓሣ አጥማጅ የኮጆ ኤጂር ሚስት አራባ ታዊያ ነኝ። ይህንን በዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ለድፍረት አይደለም። ቤትዎ ድረስ መጥቼ ብለምንዎ፣ «እናቴ፣ ይኼ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ አንቺ ለቅሶሽን አልቅሺ» ብለው ስለሸኙኝ ነው። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ።

እንግሊዝኛን የተማርኩት ዓሣ ከምጠቀልልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ስለሆነ ብዙ አላውቅም። የገባኝ ግን ይህ ነው፤ ቅጽል ስለ ሰውየው ይናገራል፣ ተውሳከ ግስ ስለ ድርጊቱ ይመሰክራል፣ ሁለቱንም ባልነበሩበት ቦታ ምስክር አድርጎ መላክ ነውር ነው። እርስዎ ግን ልከዋቸዋል። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩. በቀብሩ ፖስተር ላይ ባሌ «በሰላም» እንዳረፈ በሚያምር እንግሊዝኛ ጽፈዋል። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ታንኳ አይወርድም፤ ከተማው በሙሉ ዳርቻው ላይ ነበር። ኮጆ መረብ ሲጠግን፣ እሱና እኔ ለዓመታት ደብቀነው የኖርነው የብሽሽቱ እብጠት፣ ቡአው፣ ታንቆ በሆድ ቁርጠት ጣለው። ወንድሞቹ በመረቡ ተሸክመው ወደ ጤና ኬላው ሲሮጡ በሩ ተቆልፎ አገኙት። ሐሙስ ለሚመጡት እንግዶች ግድግዳው አዲስ ተቀብቶ ስለነበር፣ ለነርሷ ዕረፍት ሰጥተው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ወደ ወረዳ ሄደው ነበር። ዘበኛው «የሚስተር ኤሱዎን ትእዛዝ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ማንም አይገባም» አለን። ኮጆ እዚያው ደጅ ላይ እየጮኸ ሞተ። ዛሬም የገበያ ሴቶች ሲያገኙኝ «አራባ፣ ባልሽ በሰላም ነው የሞተው አሉ፤ ያ ሁሉ ጩኸት ለካ መዝሙር ኖሯል!» ይላሉ። የሚስቁት በእኔ አይደለም፣ ክቡርነትዎ።

፪. ባሌን «ታጋሹ» ብለውታል። ኮጆ ሾርባው ስለዘገየ ድስቱን ወደ ግቢ የወረወረ ሰው ነበር፤ ስወደውም ከነቁጣው ነው። በርዎ ላይ ስለቆየ ታጋሽ ካሉት ግን ልንገርዎ፤ መሄጃ ያጣ ሰው ታጋሽ አይባልም።

፫. ይህኛው ግን ልጆቼን የሚነካ ነው። ኮጆ በጤና ኬላው ደጅ ሞተ ብሎ መጻፍ ስለከበደዎ፣ በሕይወት ታሪኩ ላይ «በባሕር ላይ በትጋት እየሠራ ሳለ» አሉ። ቀኑን ግን ማክሰኞ ብለው ተዉት! ደጅዎን ለማጽዳት ሲሉ ባሌን ባሕር ውስጥ ከተቱት፤ ማክሰኞ ባሕር የሚገባ ሰው ደግሞ እዚህ ምን እንደሚባል እርስዎም ያውቃሉ። የዓሣ አጥማጆቹ አለቃና ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «እኛም ዳርቻው ላይ ነበርን እናታችን፣ እውነቱን እናውቃለን። ነገር ግን እኛ እናልፋለን፣ ድንጋይ አያልፍም። ይህ ቃል በመቃብሩ ላይ ከወጣ፣ የባሕሩን ሕግ የሻረ ሰው ልጆች ታንኳ ማውረድ አይችሉም።» ሁለቱ ልጆቼ ከታንኳ በቀር ሌላ እንጀራ የላቸውም።

እርስዎም ያንኑ ዐረፍተ ነገር ለድንጋይ ጠራቢው ልከውለታል። ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። በሕይወቱ አንድ በር ያልከፈቱለትን ሰው፣ ከሞተ በኋላ በቃላት ለማስጌጥ ያሳዩት ትጋት በእውነት የሚደነቅ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሐውልቱ ሲመረቅ፣ በልማዳችን መሠረት ጨርቁን የምገልጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ፤ «በሰላም»ም ሆነ «በባሕር ላይ» የሚል ቃል በዚያ ድንጋይ ላይ ካለ እጄ አይዘረጋም። ካህኑም ዘማሪዎቹም፣ ከወረዳ የጋበዟቸው እንግዶችም በተሸፈነ ድንጋይ ዙሪያ ቆመው ይዋሉ፤ ለምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ በቋንቋችን በፋንቲም በእንግሊዝኛም እመልሳለሁ። የሚጻፈው አጭር ነው፦ «ኮጆ ኤጂር። ማክሰኞ ዕለት በጤና ኬላው ደጅ ሞተ።» ምንም ዓይነት ተውሳከ ግስ አያስፈልገውም። በቀብሩ ዕለት የእርስዎ ጽሑፍ ሲነበብ መሐረቤን አፌ ላይ አድርጌ ዝም ብያለሁ፤ እብጠቱንም ደብቄያለሁ፤ የእኔ ድርሻ ከእኔ ጋር መቃብር ይወርዳል። የእርስዎን ድርሻ ግን ልጆቼ አይሸከሙትም።

የማከብርዎ፣ የማልረሳዎ፣ እሑድም ከፊተኛው ወንበር ላይ በዓይኔ የምፈልግዎ፣
ትሑት አገልጋይዎ
አራባ ታዊያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የራስዎን የሕይወት ታሪክ ከወዲሁ ጽፈው በኮሚቴው ቢሮ እንዳስቀመጡ፣ በቅጽልም እጅግ የበለጸገ እንደሆነ ሰማሁ። የሴቶች ማኅበራችን ከእንግዲህ የሟቾችን ታሪክ እንዳነብ መርጦኛል። ዕድሜ ይስጥዎ፣ እኔ አልቸኩልም። ቀኑ ሲደርስ ግን «ርኅሩኁ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆም ብዬ፣ ያየ ሰው ካለ እጁን እንዲያወጣ ጉባኤውን እጠይቃለሁ። አንድ እጅ እስኪወጣ ድረስም ሬሳ ሳጥንዎ ይጠብቃል።