ነጭ ጠጠር፣ ጥቁር ጠጠር

ሰኞ፣ የካቲት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፤ ጠዋት

ዓሦቹ በልተዋል። ሁሉም ደህና። መብራት አለ፣ ፓምፑም ይሠራል። ላይኛው ግማሽ በርሜል ግን እስካሁን ባዶ። ምን እንደምሞላበት አልወሰንኩም። መ/ቤት እስክገባ ትንሽ ጊዜ አለኝ፤ ላንቺ ለደብተሬ ላስረዳሽ። ለሰው ማስረዳቱ ሰልችቶኛል፤ አንቺ ቢያንስ አትስቂም።

ነገሩ ቀላል ነው። ታች ታንከሩ ውስጥ ዓሣ። ዓሣው ውሃውን ያቆሽሻል። ፓምፑ ያን ውሃ ወደ ላይኛው በርሜል ይገፋል። እዚያ ጠጠር ወይም ጠጠር መሰል ነገር ይሞላል፣ ተክሉ በዚያ ላይ ይቆማል። ተክሉ ከቆሻሻው ይመገባል፣ ውሃው ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። አፈር የለም። የሚባክን ውሃም የለም። ለጅጅጋ ተብሎ የተፈጠረ ነገር! አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ፓምፑን ወንድሜ ተሾመ ከደወሌ፣ ከጅቡቲ ድንበር፣ ላከልኝ። እያላገጠብኝ ነው የላከው፤ ይሁን፣ ልኳል።

እማዬ ዛሬም ወደ ጓሮ አልወጣችም። አባዬ ካረፈ ወዲህ አትወጣም። የእሱ ጎመንና ቃሪያ የነበረበት ቦታ ነው። እሱ ሄደ፣ የጉድጓዱ ውሃም ጨው ሆነ፣ አትክልቱም አለቀ። አሁን ግቢውን መጋዘን ሊያደርገው የሚፈልግ ነጋዴ ተገኝቷል። እሷ ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ልትገባ። እኔ ደግሞ በተወለድኩበት ከተማ የሰው ቤት ተከራይቼ ልኖር! ባለፈው ስንነታረክ አምሽተን በመጨረሻ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው፦ «ጓሮው ከለመለመ እቆያለሁ። ካልሆነ ከፋሲካ በኋላ እሸጣለሁ። ከደረቅ ግቢ ጋር ተፋጥጬ አላረጅም።»

እንግዲህ እስከ ፋሲካ ነው። ሰዓቱ ሄደብኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 22፤ ከሥራ መልስ

አሸዋ ሞከርኩ። ጭቃ። ውሃው አልፎ አልወርድ አለ፣ ቧንቧው ተደፈነ፣ ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ተናድጄ ሁሉንም አጥሩ ሥር ደፋሁት።

ከዚያ ከሰል። ይሄኛው የፋዱማ ምክር ነው። ፋዱማን ታውቂያታለሽ፣ ቀኝ ጎረቤታችን፣ የግመል ወተት የምትሸጠዋ። ከቤቷ ግማሽ ጆንያ ከሰል ይዛ መጣች። ሞላን። ውሃው ሲገባ ከሰሉ ብድግ ብሎ ተንሳፈፈ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። እሷ እስክታለቅስ ሳቀች፤ እኔም መጨረሻ ላይ አልቻልኩም። ናያ፣ አንቺዬ ማለቷ ነው፣ ይሄን ሁሉ የምትለፊው ለዓሣ ነው ወይ አለችኝ። የግመል ሰው ዓሣ አይበላም፣ ሲያዩትም ያቅለሸልሻል አለች። እማዬ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆና ጾም ነው፣ እኔም አልበላም ትላለች። ዕድለኛ ዓሦች ናቸው። የሚፈልጋቸው የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 25

አገኘሁ! ነጭ ጠጠር። ከተማውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ፋዱማ ቶግ ከምትለው። ድቡልቡል፣ ለስላሳ፣ እንደ ባቄላ። ጎርፍ ስንት ዘመን አጥቦት፣ ንፋስ አራግፎት፣ አንድ ፍሬ አቧራ የለበትም። በባለ ጋሪ አስመጣሁ።

የድንጋይ መፍጫው ጥቁር ጠጠርም ነበር፣ ግንበኞች ዜሮ አንድ የሚሉት። ግን ያ ዱቄት ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ አንድ በርሜል ውሃ ካልጠጣ አይጠራም። የውሃ ቦቴው ከመጣ ሰነባብቷል። ሰው ፊቱን በጆግ በሚታጠብበት ከተማ ድንጋይ ላጥብ? ያልታደልኩ እንጂ ያበድኩ አይደለሁም። ነጩ መታጠብ አይፈልግም። አለቀ።

ሰላጣውን ተከልኩ። ውሃው ፏፏ እያለ በጠጠሩ መሀል ሲወርድ ብታዪ! ያምራል። በጣም ያምራል። እማዬን ነይና እይ አልኳት። ወገቤን አመመኝ አለች። ትመጣለች። ሲለመልም ትመጣለች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

መጻፍ አስጠልቶኝ ነበር የጠፋሁት። ሰላጣው ቢጫ ነው። ከሥሩ ያለው ቅጠል እንደነበረው አረንጓዴ ነው፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ግን ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ፣ ሌላው ገርጥቷል። ዓሦቹ ደህና ናቸው፣ እንደውም ወፍረዋል። መብራት ሲጠፋ በጆግ እየቀዳሁ አጠጣለሁ። ምን ጎደለ? ስልኬ ላይ እንዳልፈልግ ኢንተርኔት የለም።

ተሾመ ደወለ። ዋና ጉዳዩ ነጋዴው ነው፤ ሰውየው ቸኩሏል፣ እናታችንን አታስቸግሪ አለኝ። እዚያ ኬላ ላይ የሰው ዕቃ ሲያሳልፍ ውሎ ማታ ማታ የእኛን ቤት ይሸጣል። ስልኩን ዘጋሁበት። ቆይቼ መልሼ ደወልኩ። ወንድሜ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ።

ሌላ ነገር። ዛሬ እማዬ ጓሮ ወጣች። በገዛ እግሯ። ሻሿን አስተካክላ ሰላጣውን ዝቅ ብላ አየችው። ተመልሳ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 10፤ ከሰዓት

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ሻይ አፈላሁ፣ በሎሚ። ብርጭቆዬን ይዤ በርሜሉ ጎን ተቀመጥኩ፤ በሽተኛ እንደማስታምም። ሎሚውን ጨመቅኩና ልጣጩን ሳላስብ ጠጠሩ ላይ ወረወርኩት። ፍስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ልጣጩ ሥር አረፋ። ሌላ ሎሚ ቆርጬ ጨመቅኩበት። ድንጋዩ ተንቸፈቸፈ! ወጥ ቤት ሮጥኩ፣ አቼቶ አመጣሁ፣ አፈሰስኩበት። እንደ አሹቅ ሊፈላ ምንም አልቀረው።

ኖራ! ነጩ ጠጠሬ የኖራ ድንጋይ ነው። ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር እኮ፤ አሲድ የነካው ኖራ አረፋ ይደፍቃል። ከውሃው ጋር ቀስ በቀስ እየሟሟ ውሃውን አበላሽቶት፣ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን መሳብ አቅቶት ገርጥቷል። እኔ ደግሞ ንጹሕ ነው፣ መታጠብ አይፈልግም ብዬ በገዛ እጄ ኖራ አጠጣሁት። ውሃ ልቆጥብ ብዬ ውሃውን አበላሸሁ። የጅጅጋ ሰው ካልሆነ ማን እንዲህ ያደርጋል?

አጥሩ ሥር የወዳደቀ ጥቁር ጠጠር ነበር፣ ግንቡ ሲሠራ የተረፈ። አቼቶ አደረግኩበት። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ድንጋይ ዝም ስላለ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፋዱማን ጠርቼ አሳየኋት። ወላሂ ለድንጋይ ሰላጣ የምትሠሪ ብቸኛ ሴት ነሽ አለችኝ። ትበል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ጥቁሩ መጣ፤ ከካራማርዳ ተራራ በኩል ካለው መፍጫ፣ በጋሪ። ዜሮ አንድ፣ ልክ የምፈልገው መጠን። ግን ዱቄቱ! ስንዘረግፈው ግቢው ጨለመ። አህያዋ ሳይቀር አስነጠሳት። እንዲህ እንዳለ ባስገባው ዓሦቹ በጭቃ ያልቃሉ። መታጠብ አለበት።

ውሃ ግን የለም። ቦቴው ነገ ይላሉ፣ ትናንትም ነገ ብለው ነበር። ያለው የእማዬ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው፤ ባለፈው ክረምት በአሸንዳ ያጠራቀመችው፣ ትንሿ ታንከር ውስጥ፣ በቁልፍ። ለፋሲካ ጠላ ነው። በቦቴ ውሃ የተጠመቀ ጠላ ጨው ጨው ይላል ብላ፣ አባዬ በነበረ ጊዜም በዚያ ውሃ ነበር የምትጠምቀው። በበጋው ሁሉ ስንጠማ አልነካችውም። እሱን ለድንጋይ ስጪኝ ልበላት? አልችልም። አፌንም አልከፍት። ደግሞ ጊዜ የለኝም። ነጋዴው ቅዳሜ ግቢውን ሊለካ ይመጣል ተብሏል።

ተስፋ ግን አልቆረጥኩም። እንጃ፣ ደስ ብሎኛል። በሽታውን አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ቦቴ የለም። እኔም እልህ ያዘኝ። ሰፌድ አወጣሁ፣ ጓሮ ተቀመጥኩ፣ ጠጠሩን እንደ ጤፍ ማንገዋለል ጀመርኩ። ንፋሱ ጥሩ ነበር። ዱቄቱ ይሄዳል፣ ጠጠሩ ይቀራል። የሚሄደው ግን ግማሹ ፊቴ ላይ ነው። ሰፌዱ ሊቀደድ ደረሰ፣ ክንዴ ዛለ፣ የተረፈው ዱቄት አሁንም ድንጋዩ ላይ ተለጥፏል። ቢሆንም አላቆምኩም።

ሳቅ ሰማሁ። እማዬ ናት። የወጥ ቤቱን መቃን ይዛ፣ ሌላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ሰው ድንጋይ ሲያንገዋልል አይቼ አላውቅም፣ ልትፈጪው ነው ወይስ ልትቀቅይው አለችኝ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ዘመን የለውም። ፊቴ ሁሉ አመድ፣ ቀና ብዬ አየኋትና እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ተናደድኩ በእንባዬ። እማዬ፣ እዚህ ቤት መኖር እፈልጋለሁ፣ ካንቺ ጋር፣ ሌላ ነገር አልፈልግም አልኳት። እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጌ ነግሬያት አላውቅም ለካ። ስለ ፓምፕና ስለ ዓሣ ብቻ ነበር የማወራላት።

ገባች። ስትወጣ ቁልፉን ይዛለች። ትንሿን ታንከር ከፍታ የመጀመሪያውን ባልዲ ራሷ ቀዳች። እማዬ ጠላውስ ብላት፣ ዘንድሮ ጾሙን በሻይ እንፈታለን አለች። ቀሚሷን ሰብስባ ሳፋው ጎን ቁጭ። እጇን እስከ ክርን ነክራ ጠጠሩን ታሻለች፣ ልክ ባቄላ እንደምታጥብ። ጥቁር ውሃ፣ ግራጫ ውሃ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ። ያልታጠበውን እኔ አቀርባለሁ፣ የታጠበውን በርሜሉ ውስጥ እሞላለሁ። ሰላጣውን ንቀይው፣ ሰላጣ ምግብ አይደለም፣ ጎመን ነው የሚተከለው ብላ አዘዘችኝ። እሺ አልኩ። ጎመን ይሁን። ጎመን ተወስኗል።

ነጋዴው ከደላላው ጋር የገባው በዚህ መሀል ነው፤ ሜትር ይዘው። ሰላም ለማለት ጎንበስ አለ፣ እሷ እጇ ስለረጠበ ክርኗን ሰጠችው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ክርኗን ጨበጠ። ከየት ጀምረን እንለካ ሲል ጠየቀ። በርሜሉን አየሁ። ገና አንድ የለመለመ ቅጠል የለበትም። ድንጋይ ብቻ። ለፋሲካም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው።

እማዬ ከሳፋው ቀና አላለችም።

«ቤቱ አይሸጥም የኔ ልጅ» አለችው። «ይልቅ ያቺን ባልዲ አቀብለኝ።»

አቀበላት።