ያልተረጎምኩልዎ ቃል

ረሆቮት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? አጎቴ ጎሹ ቤት ከሄዱ ሦስተኛ ሳምንትዎ ነው። ስደውል አያነሱም። ባለፈው ዓርብ መዝከረት ባትያ ድረስ ብመጣ አጎቴ ከበር ላይ «ተኝቷል» ብሎ መለሰኝ፤ ከውስጥ ሲያስሉ ግን ሰምቻለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና ግድፈቴን ይቻሉት።

የዚያን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እርስዎ ኢንባርን አስተኝተው ይጠብቁልኝ ነበር። በጠራራ ፀሐይ አንድ ጎረምሳ በሰገነቱ ዘሎ ገባ፣ በልጄ አልጋ አጠገብ አልፎ ኮምፒውተሬን አነሳ። እርስዎን ሲያይ ሊሸሽ ዞረ። በዱላዎ ክንዱን አሉት፤ ተሰበረ። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፤ ልጁን ወደ ሐኪም ቤት፣ እርስዎን ወደ ጣቢያ ወሰዱ።

መርማሪው ኦዴድ ገና ልጅ እግር ነው። አስተርጓሚ እስኪመጣ ከምንጠብቅ እኔ ወደ ዕብራይስጥ ልተርጉም አልኩ። «ሊሸሽ ዞሮ ሳለ ለምን መቱት? ፈርተው ነበር?» አለ። እርስዎ ቀና ብለው መለሱ፦

«በገዛ ቤቴ ምን ያስፈራኛል? መፍራት ያለበት እሱ ነው። የልጅ ልጄን አልጋ አልፎ የመጣ ሰው ስቆብኝ ከወጣ እኔ ምን ልባል ነው? ክንዱን ብዬ ነው የመታሁት። ራሱን ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ እሱም የሰው ልጅ ነው ብዬ ነው።»

እኔ ምን አልኩ? «አባቴ ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑም ደክሟል። በጣም ፈርቶ ነበር፤ ዱላው የት እንዳረፈ እንኳ አያውቅም» አልኩ።

ኦዴድ ተነስቶ ውሃ አመጣልዎ። ትከሻዎን መታ መታ አድርጎ «አል ተፋኼድ፣ ሳባ፤ ሃኮል ቤሰደር» አለ። አይፍሩ አያቴ፣ ሁሉም ደህና ነው ማለቱ ነው። ያችን «አይፍሩ» እርስዎ አስተርጓሚ ሳያሻዎ ያውቋታል፤ አምና የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን በጮኸ ቁጥር ደረጃው ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ለልጆቹ ሲላት ሰምተዋል። ውሃውን አልነኩትም። «ምን አልሽው?» አሉኝ። «ያሉትን ነው» አልኩ። ቤት እንደደረስን ልብስዎን ሸክፈው ሄዱ።

ለባለቤቴ ለኮቢ «የሚሸሽ ሰው መምታት እዚህ አገር ሊያሳስር ይችላል፤ ከመሞት መሰንበት ብዬ ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው እውነት እሱ አይደለም። እርስዎ ሲናገሩ እኔ የማየው የኦዴድን ፊት ነበር። ዱላዎ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «እነዚህ ሰዎች ከየት ዱር ነው የመጡት?» የሚለን መሰለኝ። በእርስዎ አፈርኩ፣ አባዬ። ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል፤ ግን ያፈርኩት በእርስዎ ነበር። በዚያ ቁጣ ውስጥ ሆነው እንኳ ክንዱን የመረጡ ሰው ነዎት፤ እኔ ምሕረትዎንም ከጀግንነትዎ ጋር አብሬ ዋጥኩት። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የተባለው ለእኔ ነው። ሌባውስ ኮምፒውተሩን ጥሎት ሄዷል።

ትናንት ኦዴድ ደወለ። እኔ ያልኩት በእርስዎ ስም ተጽፏል፤ እሁድ መጥተው ከፈረሙ ነገሩ ይዘጋል፤ ካልፈረሙ ሊከሰሱ ይችላሉ። ኮቢ «ያላ፣ በቃ ይፈርሙና ይገላገሉ» ይላል። እኔ ግን ወረቀቱ «ፈርቼ ነበር» እንደሚል ሳልነግርዎ ብዕር አላስይዝዎትም።

ይህን ደብዳቤ አጎቴ ጎሹ ቅዳሜ፣ በሰንበት፣ ከጸሎት በኋላ በሽማግሌዎቹ ፊት ጮክ ብሎ ያንብበው። ፈሪ ያልኩዎ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ልለምን።

ቢፈርሙ ማንም አይፈርድብዎትም፤ እኔማ በምን አፌ! ካልፈረሙ ግን አጠገብዎ ቁጭ ብዬ «ባለፈው ዋሽቻለሁ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ያሉትን ሁሉ እንዳሉት እናገራለሁ። ቢያስሩብኝስ ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ፈሪዋ እኔ ነኝ፣ አባዬ። ብቻ እሁድ ሲናገሩ ቀስ ይበሉልኝ፤ አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ።

እግርዎ ላይ የወደቀች ልጅዎ፣
ዋጋዬ