የ«እስክመጣ ጠብቁኝ» ድምፅ

ውድ እህታችን ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ድምፃቸው ጎርናና ስለነበር የሰፈር ልጆች «ነጎድጓድ» ይሏቸው ነበር። ስሙን አልጠሉትም፤ እንዲያውም «አቤት» ሲሉ ሆን ብለው ጎርነን ያደርጉት ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በስልክ መሥሪያ ቤት ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ኪቦርድ ከሚጫወተው የአጎታቸው ልጅና ከጎረቤታቸው ራዲዮ ጠጋኝ ጋር ሃውስ የተባለውን ፈጣን የጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን አቋቋሙ። ስቱዲዮ የሚሉት የጠጋኙን መኝታ ክፍል ነበር፤ ድምፅ እንዲያፍን ፍራሹ ግድግዳ ላይ ስለሚቆም ጠጋኙ ራሱ መሬት ላይ ያድር ነበር። «እስክመጣ ጠብቁኝ» የወጣው ከዚያች ክፍል ነው። ያን ዓመት በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየጭፈራ ቤቱ ከእሱ ሌላ ዘፈን ያለ አይመስልም ነበር።

ነገር ግን ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ጠጋኙ ለጭፈራ ዘገየ ብሎ ካሴቱን ሲያፈጥነው የእህታችን ድምፅ አብሮ ቀጥኖ የኮረዳ ድምፅ መሰለ። ያኔ ሦስቱም ስቀው አለፉት። መድረክ ላይ በገዛ ድምፃቸው ሲዘፍኑ ግን ሰው «ዘፋኟን አምጧት! አንቺን ማን ጠራሽ?» እያለ ጮኸባቸው። ለማቅጠን ቢሞክሩ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ጋዜጣ አስመሳይ ብሎ ጻፈባቸው። ቡድኑም ሁለተኛ ዘፈን ሳይሠራ፣ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ጠጋኙ እውነቱን እናገራለሁ እንዳለ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ የአጎታቸው ልጅም በወጣትነቱ አረፈ።

በ1988 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ዘፈኑ በሰርግ ላይ በተከፈተ ቁጥር «የኔ ነው» ይሉ ነበር፤ የሚያምናቸው ግን ጠፋ። አንድ ቀን ሴት ልጃቸው እጃቸውን ይዛ «እማዬ፣ በሞቴ ተይ፤ ሰው ይስቅብናል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ አላነሱትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእህታችን ግን ሳይጠራ መሸባቸው።

ባለፈው ዓመት በጉሮሮ ካንሰር ተይዘው ከነፍሳቸው በፊት ድምፃቸውን አጡ። በመጨረሻው ሳምንት ታናሽ እህታቸውን በእጅ ጠርተው በከንፈራቸው ብቻ «አንቺ ንገሪያቸው» አሏት። ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው አረፉ።

ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ዘፈኑ ሲቀረጽ በሩ ሲጢጥ እንዳይል ይዛ ቆማ ነበር። ብትመሰክርም የሥጋ ዘመድ ምን ሊል ነው እየተባለች ሰሚ አጥታ ኖራለች። ዛሬ ግን በዚህ የቀብር ቦታ የሚከራከራት የለም። ያ ድምፅ የእሳቸው ነው። ልጆቻቸውም ይስሙ።

ድምፃቸውን ከማንም ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።